ረጅሙ ስፒከር ወይስ ትንሹ ከነሳብውፈሩ? የአንድ ሳሎን የጉዳይ ጥናት

መነሻ

ሙዚቃን በጥራት ለማዳመጥ ፈልጎ ዕቃ ሊገዛ የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት መንገዶች አንዱን መምረጥ ይኖርበታል። አንደኛው ቁመታቸው ከወገብ በላይ የሚደርስ፣ ወፍራሙንም ቀጭኑንም ድምፅ ራሳቸው የሚያወጡ ሁለት ቋሚ ስፒከሮችን መግዛት ነው። ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡ ትንንሽ ስፒከሮችን ገዝቶ ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ሳብውፈር መጨመር ነው። የድምፅ ዕቃ ስለምገጣጥም "ከሁለቱ የቱ ይሻላል?" የሚል ጥያቄ ዘወትር ይቀርብልኛል፤ መልሴም ለረጅም ጊዜ በኪስ አቅም ላይ ብቻ የተመሠረተ ነበር። በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ኮንዶሚኒየም ቤት ያጋጠመኝ ጉዳይ ግን ሁለቱ መንገዶች በአንድ ሳሎን፣ በአንድ አምፕሊፋየርና በአንድ ቤተሰብ ጆሮ በተከታታይ የተፈተኑበት በመሆኑ ልመዘግበው ወደድሁ። የቤተሰቡን ስምና ሰፈር አልጠቅስም።

ቤቱና ቤተሰቡ

ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሳሎኑ 4.2 ሜትር ርዝመት፣ 3.6 ሜትር ስፋትና 2.6 ሜትር ከፍታ አለው። ግድግዳው የተለሰነ ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ ሲሆን ከላይም ከታችም ያለው የኮንክሪት ሶሌታ ነው። በአጭሩ ግድግዳ በኩል ቴሌቪዥን የተቀመጠበትና የሲኒ፣ የብርጭቆ መደርደሪያ ያለው ቡፌ ቆሟል። ሶፋው በትይዩ፣ ጀርባውን ከኋላው ግድግዳ ጋር አጣብቆ ተቀምጧል። ፍሪጁ በግራው ረጅም ግድግዳ በኩል ሳሎኑ ውስጥ ነው።

አባወራው በአርባዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ሲሆን ከካሴት ወደ ኮምፒውተር የገለበጧቸው ብዙ የቆዩ ዘፈኖች አሏቸው። ልጆቹ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ፊልም ያያሉ። አምፕሊፋየራቸው ሁለት ቻናል ያለው አሮጌ ዕቃ ነው፤ ለሳብውፈር የሚሆን መውጫ አለው፣ ነገር ግን ወደ ዋናዎቹ ስፒከሮች የሚሄደውን ወፍራም ድምፅ የሚቀንስበት መንገድ የለውም። ይህ ትንሽ የሚመስል ዝርዝር በኋላ ዋጋ አስከፍሎናል።

ችግሩ

አባወራው ሀገር ለቆ ከሚሄድ ሰው ጥሩ ቋሚ ስፒከሮች ገዙ። እያንዳንዱ ስፒከር አንድ ሜትር ያህል ቁመትና 21 ኪሎ ክብደት ነበረው፤ ሁለት ሁለት ባለ 16 ሳንቲ ሜትር ወፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ክብ ክፍል) ሲኖረው የአየር ቀዳዳው ከጀርባ ነው። በመግለጫው ላይ እስከ 38 ኸርዝ ይወርዳል ተብሎ ተጽፏል፤ ኸርዝ የድምፅ ድግግሞሽ፣ ማለትም በሰከንድ የሚደረገው ንዝረት ብዛት ሲሆን ቁጥሩ ባነሰ መጠን ድምፁ ይወፍራል። ስፒከሮቹ ከቡፌው ግራና ቀኝ፣ ከግድግዳው 15 ሳንቲ ሜትር ርቀው ቆሙ።

ቅሬታው በሳምንቱ ተጀመረ። አባወራው የነገሩኝ በሚገባ የታዘበ ሰው በሚናገርበት ቋንቋ ነበር፦ "ቤዙ ይበዛል አልልም፤ አንዳንዱ ኖታ ይጮኻል፣ አንዳንዱ ይጠፋል።" ከታች ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት እናት ግን እንዲህ ዓይነት ልዩነት ውስጥ አልገቡም። በር አንኳኩተው "ልጄ፣ ከበሮ የሚመታው ከአልጋዬ ሥር ነው እንዴ?" ብለው ጠየቁ።

ቤቱ ስደርስ መለኪያ ማይክሮፎን ሶፋው ላይ አቁሜ፣ ሩም ኢኪው ዊዛርድ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ከ20 እስከ 200 ኸርዝ ያለውን ለካሁ። 41 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ ከ100 ኸርዝ በላይ ካለው በ14 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ከፍ ብሎ ተገኘ። 48 ኸርዝ አካባቢ ደግሞ ሰፊ ጉድጓድ፣ ማለትም ድምፁ የሚደክምበት ክልል፣ ነበር።

የዚህ ምክንያት ስፒከሩ ውስጥ አልነበረም። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ይህን ቁጥር በክፍሉ ርዝመት ሁለት እጥፍ፣ ማለትም በ8.4 ሜትር ብናካፍለው 41 ኸርዝ ይመጣል። በዚህ ድግግሞሽ የሞገዱ ግማሽ በሁለቱ አጫጭር ግድግዳዎች መካከል ልክ ስለሚገጥም ድምፁ እየተመላለሰ ራሱን ያጎላል፤ በግድግዳዎቹ አጠገብ ከሁሉ ይበልጥ ይጠነክራል፣ በክፍሉ መሃል ግን ሊጠፋ ይቃረባል። ስፒከሮቹ አንዱን ግድግዳ፣ ሶፋው ሌላውን ተጠግተው ስለነበር ሁለቱም የተቀመጡት ጉልበቱ ከፍተኛ በሆነበት ቦታ ነበር። በአጋጣሚ ደግሞ የቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ክር ባዶውን ሲመታ 41.2 ኸርዝ ነው። በሌላ በኩል የ3.6 ሜትሩ ስፋት በተመሳሳይ ስሌት 48 ኸርዝ ይሰጣል፤ ነገር ግን አድማጩ በስፋቱ መሃል ስለሚቀመጥ በዚያ ድግግሞሽ ክፍሉ ምንም አይረዳውም። ስለዚህ ቤዝ ተጫዋቹ ከዝቅተኛው ክር ሦስት ግማሽ ቃና ከፍ ብሎ 49 ኸርዝ ላይ ሲደርስ ኖታው የሸሸ ይመስላል። "አንዳንዱ ይጮኻል፣ አንዳንዱ ይጠፋል" የተባለው በቃል ደረጃ ትክክል ነበር።

አንድ ወዳጃቸው የአዲስ አበባ ከፍታ የድምፁን ፍጥነት አበላሽቶት ይሆናል ብሎ ነግሯቸው ኖሮ ስለዚህም ጠየቁኝ። የድምፅ ፍጥነት በአየሩ ሙቀት እንጂ በከፍታው አይወሰንም፤ ሙቀቱ እኩል ከሆነ ጅቡቲም እንጦጦም ያው ነው።

በቋሚዎቹ ስፒከሮች የተሞከረው

ገንዘብ ሳይወጣ የሚሞከረው ሁሉ ተሞከረ። መጀመሪያ ስፒከሮቹን ከግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር አራቅናቸው። የ41 ኸርዙ ጩኸት የቀነሰው በሁለት ዴሲቤል ያህል ብቻ ሲሆን በምትኩ 90 ኸርዝ አካባቢ አዲስ ጉድጓድ ተከፈተ። የስፒከሩ ፊት አሁን ከግድግዳው 95 ሳንቲ ሜትር ስለራቀ፣ ከግድግዳው ተመልሶ የሚመጣው ድምፅ በዚያ ድግግሞሽ ከቀጥታው ጋር ተቃርኖ ይገናኛልና። በዚያ ላይ የግራው ስፒከር የመተላለፊያውን በር ስለዘጋ እመቤቲቱ ሙከራውን በአንድ ቀን አስቆሙት፤ እኔም በቦታቸው ብሆን አስቆመው ነበር።

ቀጥሎ ሶፋውን ወደፊት ሳብነው። የተገኘው ለውጥ ከዴሲቤል ተኩል አይበልጥም ነበር፤ ከሶፋው ኋላ የተፈጠረው ባዶ ቦታም የልጆች መደበቂያ ሆነ።

በመጨረሻ በስፒከሮቹ የጀርባ ቀዳዳ ካልሲ ወተፍንበት። ይህ የቆየና የሚሠራ ዘዴ ነው። የአየር ቀዳዳው ስፒከሩን የሚረዳው በተቃኘበት ድግግሞሽ አካባቢ ሲሆን የእነዚህ ቀዳዳ የተቃኘው 40 ኸርዝ አጠገብ ነበር። ጩኸቱ ከ14 ወደ 8 ዴሲቤል ወረደ፤ ዘፈኖቹም ወዲያው ጠሩ። ነገር ግን ስፒከሩ ከ50 ኸርዝ በታች ያለውን ጉልበቱን አጣ። የመወሰኛው ነጥብ ይህ ነበር፦ አባወራው ለረጅም ሣጥንና ለተጨማሪ ወፈር የከፈሉት ገንዘብ የገዛውን ቤዝ እኛ በካልሲ እየደፈንን ነበር። ቀዳዳው የተደፈነው ቋሚ ስፒከር ቁመቱ ከመርዘሙ በስተቀር ከመደርደሪያ ስፒከር የሚለይበት ነገር እምብዛም አልነበረም።

ውሳኔው

ለመደምደሚያችን መሠረት የሆነው አንድ ሐሳብ ነው። ሁለት ስፒከሮች የዘፋኙን ድምፅ መሃል ላይ እንዲያስቀምጡና መሣሪያዎቹን እንዲዘረጉ ከተፈለገ ከአድማጩ ፊት፣ በእኩል ርቀት መቆም አለባቸው። ወፍራሙ ድምፅ ግን በዚያ ቦታ ክፍሉን ያስቆጣዋል። በቋሚ ስፒከር ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ሣጥን ስለታሠሩ አንዱን ለማስተካከል ሌላውን ማበላሸት ግድ ይሆናል። ከ80 ኸርዝ በታች ያለው ድምፅ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ጆሮ በቀላሉ ስለማይለይ ግን ወፍራሙን ለይቶ ክፍሉ ወደሚቀበለው ቦታ መውሰድ ይቻላል። ሳብውፈር ያስፈለገን ቤዝ ለመጨመር ሳይሆን ቤዙን ከቦታው ለማንቀሳቀስ ነበር።

ትንሽ ሣጥን ያለ ሳብውፈር ለምን እንደማይበቃ እመቤቲቱ ጠይቀው ነበር። ድምፁን ሳይቀንሱ ድግግሞሹን በግማሽ ለማውረድ ስፒከሩ አራት እጥፍ አየር መግፋት አለበት። አሜሪካዊው የስፒከር ፈጣሪ ኤድጋር ቪልቹር በ1954 እ.ኤ.አ. የተዘጋውን ትንሽ ሣጥን ለገበያ ካበቃ ጀምሮ ትንሽ ሣጥን ጥልቅ ቤዝ ማውጣት እንደሚችል ይታወቃል፤ ዋጋው ግን ብዙ የኤሌክትሪክ ጉልበት መጠየቁ ነው። ሳብውፈር የራሱን አምፕሊፋየር ይዞ የሚመጣው ለዚህ ነው።

ቋሚዎቹ ስፒከሮች ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት የተገዙ ስለነበሩ በብር ያለ ኪሳራ ተሸጡ። አዲሱ ዕቃ ሜሪላንድ ከሚኖሩት ወንድማቸው ዘንድ መጣ። ይህም ራሱን የቻለ ምክንያት ነበር፤ ሁለቱ ትንንሽ ስፒከሮች ተደምረው 12 ኪሎ ሲሆኑ ሳብውፈሩ 14 ኪሎ በመሆኑ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣዎች ያዟቸው። 21 ኪሎ የሚመዝነውን አንድ ሜትር ሣጥን በዚህ መንገድ ማምጣት አይታሰብም።

ዕቃው ሲደርስ

ትንንሾቹ ስፒከሮች ከአምፕሊፋየሩ ስለሚነዱ የቮልቴጅ ጉዳይ አይመለከታቸውም። ሳብውፈሩ ግን በቀጥታ ግድግዳ ላይ ይሰካል። አሜሪካ 120 ቮልት፣ እኛ 220 ቮልት ነን። በዚህ ሳብውፈር ጀርባ 115 እና 230 የሚል ማዞሪያ ነበረ፤ ከአሜሪካ እንደመጣም 115 ላይ ነበር። አባወራው ለመሰካት እጃቸውን ሲዘረጉ ነው የደረስኩት። ማዞሪያውን ለውጠን፣ በመመሪያው መሠረት ፊውዙንም ቀይረን ሰካነው። ማዞሪያ የሌለው ቢሆን ኖሮ ለጉልበቱ የሚበቃ ትራንስፎርመር መግዛት ያስፈልግ ነበር፤ ከውጭ ሳብውፈር የሚያስመጣ ሰው ከመላኩ በፊት የጀርባውን ፎቶ ቢጠይቅ ይበጀዋል።

ሁለተኛው እንቅፋት የማያቋርጥ ዝቅተኛ "እምምም" የሚል ድምፅ ነበር። ሳብውፈሩ ከፍሪጁ ሶኬት፣ አምፕሊፋየሩ ከቡፌው ሶኬት መብራት ይወስዱ ስለነበር በመሬት መስመሮቹ መካከል ያለው ልዩነት በድምፅ ገመዱ በኩል ይፈስ ነበር። ሁለቱን በአንድ ማከፋፈያ ላይ ስንሰካቸው ድምፁ ጠፋ። መፍትሔው በግድግዳው ዙሪያ የተዘረጋ አምስት ሜትር የመብራት ገመድ ነው፤ አያምርም፣ ግን ይሠራል።

ለትንንሾቹ ስፒከሮች መቆሚያ በሰፈሩ ብየዳ ቤት ከካሬ ቱቦ አሠርተን ውስጡን በአሸዋ ሞላነው። ቁመቱን የወሰንነው ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል በተቀመጠ ሰው ጆሮ ልክ እንዲሆን ነው። እዚህ ላይ አንድ የተስፋፋ ግምት ማረም ይገባል፦ የመደርደሪያ ስፒከር ቦታ ይቆጥባል ይባላል፤ በመቆሚያ ላይ የቆመ የመደርደሪያ ስፒከር ግን ወለሉ ላይ የሚይዘው ቦታ ከቋሚው ስፒከር ጋር እኩል ነው። ቡፌው ላይ ቢቀመጥ ቦታ ይቆጥብ ነበር፤ ሞክረነው የዘፋኞቹ ድምፅ ከሣጥን ውስጥ የሚወጣ መሰለ።

ማስተካከሉ

አንድ ሙሉ ቅዳሜ የወሰደው ይህ ክፍል ነው። ሳብውፈሩና አድማጩ ቦታ ቢለዋወጡ የሚሰማው ቤዝ ያው ስለሆነ፣ ቦታ ለመፈለግ ሳብውፈሩን ራሱን ሶፋው ላይ፣ አድማጩ በሚቀመጥበት አስቀመጥነው። ቤዝ ጊታሩ ጎልቶ የሚሰማበትን ዘፈን እየደጋገምን፣ ጭንቅላታችንን ወደ ወለሉ ዝቅ አድርገን በግድግዳዎቹ ጥግ ጥግ ዞርን። ልጆቹ ከሁላችንም በተሻለ ሠሩት፤ የጉልበት ሕመም የለባቸውም። ኖታዎቹ እኩል ሆነው የተሰሙበት ቦታ ከፊተኛው ግድግዳ 1.7 ሜትር ያህል የሚርቀው፣ ከፍሪጁ አጠገብ ያለው የግራው ግድግዳ ነበር። ስሌቱም ይህንኑ ይደግፋል፤ የ41 ኸርዙ ሞገድ የሚደክመው በርዝመቱ መሃል፣ 2.1 ሜትር ላይ በመሆኑ በዚያ አቅራቢያ የተቀመጠ ሳብውፈር ሞገዱን በጥቂቱ ብቻ ይቀሰቅሰዋል። ጥግ ላይ ማስቀመጥ ከሁሉ ከፍ ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ለዚህ ክፍል ግን ወደ ቀድሞው ችግር መመለስ ይሆን ነበር።

ቀጥሎ ሳብውፈሩ ከላይ የሚያቆምበትን ድግግሞሽ መምረጥ ነበረብን። ብዙ ጊዜ 80 ኸርዝ ይመከራል፤ እኔም መጀመሪያ በዚያው ጀመርሁ። የወንድ ዘፋኞች ድምፅ ወፈረ፣ የቀረጻ ክፍሉ ውስጥ ብርድ ልብስ የተንጠለጠለ መሰለ። ስሕተቱ የእኔ ነበር። 80 ኸርዝ የሚሠራው ዋናዎቹ ስፒከሮች በዚያው ነጥብ ሲቆረጡ፣ ማለትም ከዚያ በታች ያለው ድምፅ እንዳይደርሳቸው ሲደረግ ነው፤ ይህ አምፕሊፋየር ግን አይቆርጥም። ትንንሾቹ ስፒከሮች እስከ 55 ኸርዝ ድረስ ስለሚሠሩ ከ55 እስከ 80 ኸርዝ ያለው ሁለት ጊዜ ይሰማ ነበር፤ የክፍሉ ከፍታ የሚያስተጋባበት 66 ኸርዝም በዚያው መካከል ነው። ነጥቡን ወደ 60 ኸርዝ ስናወርደው ድምፁ ተከፈተ።

ከዚያ ሳብውፈሩ አየሩን ከስፒከሮቹ ጋር አብሮ ወይም በተቃራኒው እንዲገፋ የሚያደርገው የአቅጣጫ (ፌዝ) ማዞሪያ አለ፤ ዜሮ ወይም 180 ይላል። 60 ኸርዝ ድምፅ ለቅቀን አባወራው ሶፋው ላይ ተቀምጠው እኔ እየቀያየርሁ፣ ድምፁ ከፍ ብሎ የተሰማበትን ወሰድን። ከፍ ብሎ መሰማቱ ሳብውፈሩና ስፒከሮቹ አየሩን አብረው እየገፉ መሆናቸውን ያሳያል። ለእኛ 180 ሆነ። የድምፁን መጠን በመጨረሻ ወሰንን። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ሰው ያበዛዋል፤ እነሱም አበዙት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ዝቅ አድርገውት፣ ሳብውፈር መኖሩ የሚታወቀው ሲጠፋ ብቻ የሆነበት ቦታ ላይ ተዉት።

በመጨረሻው ልኬት የ41 ኸርዙ ጩኸት ከ14 ወደ 4 ዴሲቤል ወርዶ ነበር፤ ድምፁም እስከ 30 ኸርዝ ያለ ጉልህ መቀነስ ደረሰ።

ያልተሳካውና የቀረው

ከሳብውፈሩ ሥር ያስቀመጥነው ወፍራም ፎም ለታችኛው ፎቅ ምንም አልረዳም። ፎም የሣጥኑን መንቀጥቀጥ ከወለሉ ይለያል እንጂ በአየር ሄዶ ሶሌታውን የሚገፋውን ድምፅ አያቆምም። ለጎረቤቲቱ የጠቀመው የ41 ኸርዙ መቀነስና አንድ ቀላል ነገር ነው፦ ሳብውፈሩ የራሱ ማጥፊያ ስላለው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ይጠፋል። በቋሚ ስፒከር ይህ አማራጭ አልነበረም፤ ድምፁን በሙሉ መቀነስ ብቻ ነበር፣ ድምፅ ሲቀንስ ደግሞ የሰው ጆሮ ቀድሞ የሚያጣው ወፍራሙን በመሆኑ አባወራው ማታ ማታ ቤዙን ይጨምሩ ነበር።

የቡፌው ሲኒዎች በፊልም ጊዜ ይንቀጫቀጩ ነበር። ከሥራቸው ጨርቅ ተነጥፎ ተፈታ።

በቆዩት የካሴት ዘፈኖች ሳብውፈሩ የጨመረው ጥልቀት እምብዛም ነው፤ በብዙዎቹ ቀረጻዎች ከ50 ኸርዝ በታች የሚወጣ ብዙ ነገር የለም። አባወራው የወደዱት ቤዝ ጊታሩ ከኖታ ወደ ኖታ ሲሄድ እኩል መሰማቱን ነው። ጥልቀቱን ያገኙት ፊልም የሚያዩት ልጆች ናቸው።

ለሌላ ቤት የሚወሰደው

ከዚህ ጉዳይ "ሳብውፈር ምንጊዜም ይበልጣል" የሚል ድምዳሜ የሚያወጣ ሰው ተሳስቷል። ቋሚ ስፒከር ከግድግዳ አንድ ሜትርና ከዚያ በላይ መራቅ በሚችልበት፣ አድማጩም ጀርባውን ለግድግዳ በማይሰጥበት ሰፊ ሳሎን ውስጥ ቢሆን እኔ ራሴ እርሱን እመክር ነበር፤ አንድ ገመድ ብቻ ይፈልጋል፣ ማስተካከያ አይጠይቅም፣ ድምፁ ከፍ ሲልም አይጨነቅም። ቅዳሜውን ሙሉ ለማስተካከል የማይሰጥ ሰው ሳብውፈር ባይገዛ ይሻለዋል፤ ያልተስተካከለ ሳብውፈር ካልተስተካከለ ቋሚ ስፒከር የባሰ ነው።

ከመግዛት በፊት ግን ሜትር ማውጣት ይቻላል። 343ን በክፍሉ ርዝመት ሁለት እጥፍ ማካፈል ክፍሉ የትኛውን ኖታ እንደሚያስጮኽ ይነግራል። ውጤቱ ሊገዛ የታሰበው ስፒከር በሚገባ ከሚያወጣው ድግግሞሽ ውስጥ ከወደቀና ስፒከሩም ሶፋውም ግድግዳ ከመጠጋት ሌላ ምርጫ ከሌላቸው፣ በመግለጫው ላይ የተጻፈው ዝቅተኛ ቁጥር የተሠራለትን ሳይሆን የሚያስቸግረውን ይናገራል። ቋሚ ስፒከር ቀድሞ የገዛና በዚህ ችግር ያለ ሰው ከመሸጡ በፊት በካልሲ ይሞክር። አምፕሊፋየር የሚገዛ ሰው ደግሞ የሳብውፈር መውጫ መኖሩን ብቻ ሳይሆን ዋናዎቹን ስፒከሮች የሚቆርጥ መሆኑን ይጠይቅ፤ እኔ ይህን ቀድሜ ባስብ ኖሮ ግማሽ ቀን እቆጥብ ነበር።

አንድ ነገር ሳይፈታ ቀርቷል። ሳብውፈሩ በጎን ግድግዳ ስለተቀመጠ የስፋቱን የ48 ኸርዝ ሞገድ ይቀሰቅሳል፤ መሃል የሚቀመጡት አባወራ አይሰማቸውም፣ በሶፋው ሁለት ጫፎች የሚቀመጡት ግን ይሰማቸዋል። በቀኙ ግድግዳ ትይዩ የሚቀመጥ ሁለተኛ ሳብውፈር ያንን ሞገድ ሊያከስመው ይችላል። ወንድማቸው በሚቀጥለው ጉዞ ላምጣ ወይ ብለው ጠይቀዋል። እኔም መጀመሪያ ማይክሮፎኑን በሶፋው ጫፍ አስቀምጬ እስክለካ ድረስ እንዲቆዩ ነግሬያቸዋለሁ።